«ምንም አልጎደለብንም» ያሉት እናት እና ዶክተር ክንፈ አባተ

ዶክተር ክንፈ አባተ ከአባታቸው ከአቶ አባተ ቸኮል እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እታገኘሁ ንጉሡ በመካነ ሰላም አካባቢ በየካቲት ወር 1943 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህን የጻፍኩት ታናሽ እህታቸው ሸጋዬ ነኝ። የቤተሰባችን ሽማግሌዎች «የሚያምረውን ብቻ ጻፊ» ብለውኝ ነበር። ወንድሜ ግን የሚያምረው ብቻ እንዲነበብላቸው የሚፈልጉ ሰው ስላልነበሩ ምክሩን አልተቀበልኩም፤ የተቀየመኝ ይቀየመኝ።

ፊደል በቤተ ክርስቲያን ቆጥረው፣ አንደኛ ደረጃን በመካነ ሰላም፣ ሁለተኛ ደረጃን በደሴ ጨርሰው በ1962 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ሳይኮሎጂም መረጡ። አባታችን «የሰው ልብ ማወቅ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ አንተ ሕግ ተማር» ቢሏቸው ሳቁ እንጂ አልሰሙም። ግትርነት በቤታችን ያለ ነው።

በዚያ ዘመን የሚማሩት ትምህርት የሰውን ፍላጎት ከመሰላል ጋር ያመሳስለው ነበር። ከታች እንጀራ፣ ቀጥሎ ደኅንነት፣ ከዚያ ፍቅር፣ ከዚያ ክብር ነው። ከሁሉ በላይ ሰው ሊሆን የሚችለውን ሆኖ መገኘቱ ነው፤ ምሁራኑ «ራስን እውን ማድረግ» ይሉታል። እዚያ የደረሰ ሰው አእምሮው ጤነኛ ነው፣ የታችኛው ሳይሟላ ግን ወደ ላይ አይወጣም ተብለው ተማሩ። ወንድሜ ይህን በገዛ ወገናቸው ለመፈተን አምስት ጥያቄ ያለው ቅጽ አዘጋጁ።

በኅዳር 1966 ዓ.ም.፣ ወሎ በረሃብ ስታልቅ፣ ዕርዳታ ይዘው ከወጡ ተማሪዎች ጋር ወደ ከላላ ገጠር ሄዱ። ቅጹንም ይዘው ነበር። እህል የሚያድሉት ሰዎች ሌላ መዝገብ ስላልነበራቸው የወንድሜን የመጀመሪያ ጥያቄ መልስ ተጠቀሙበት። «ጎድሎብናል» ያለ በመጀመሪያው ዙር፣ «አልጎደለብንም» ያለ በሁለተኛው ዙር እንዲያገኝ ተወሰነ።

ያገራችንን ሰው የሚያውቅ ያውቀዋል። እንግዳ ደጁ ላይ ቆሞ «ምን ጎደለባችሁ?» ቢለው «ራበኝ» ብሎ የሚመልስ የለም፤ ነውር ነው። አንዲት እናት በራቸው ላይ ወጥተው «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልጎደለብንም፤ ግባ ልጄ» አሏቸው። አስገብተውም አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ አቀረቡላቸው። እምቢ ማለትም ነውር ነውና ወንድሜ በሉ። ቀጥለው አምስተኛውን ጥያቄ፣ በሕይወታቸው ምን ሆነው መገኘት እንደሚፈልጉ ጠየቋቸው። «ከቤቴ ሰው ጦሙን እንዳይወጣ ነው የምሻው» አሉ። ወንድሜ በደስታ ጻፉት። የመሰላሉ ጫፍ ላይ የደረሰ ሰው አገኘሁ ብለውም ለጓደኞቻቸው አወሩ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። የወሎ ልጅ ናቸው፤ ያንን መልስ ከእናታችን አፍ ስንት ጊዜ ሰምተውታል። የምርምር ሥርዓት ግን መላሹ ያለውን እንዳለ ጻፍ ይላልና እንዳለ ጻፉት። በአሥራ ሰባተኛው ቀን የሁለተኛውን ዙር እህል ይዘው ሲመለሱ በሩ ተዘግቷል። እናትየዋ ሞተዋል፣ ልጃቸውን መንገደኞች ይዘዋት ሄደዋል። የእኒያን እናት ስም ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ከአፋቸው አውጥተው አያውቁም፤ «የከላላዋ እናት» ብቻ ይሉ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ አብዮቱ ፈነዳ። በ1970 ዓ.ም. ቤታቸው ሲፈተሽ ቅጾቹ ተገኙና «ይህ የግለኞች አስተሳሰብ ነው» ተብለው ሁለት ዓመት ታሰሩ። ሲፈቱ «ሌላው እስረኛ ለምን እንደታሰረ ግራ ሲገባው እኔ የታሰርኩበትን አውቅ ነበር» አሉኝ። ተቆጣኋቸው፤ እሳቸው ግን ቀልዳቸውን አልነበረም።

በ1974 ዓ.ም. ወይዘሮ ብርሀንነሽ አራጌን አግብተው ልጃቸውን አበቡን ወለዱ። ባለቤታቸው እንደሚመሰክሩት፣ ወንድሜ ማንም ያላንኳኳውን በር በጠራራ ፀሐይ ተነሥተው ይከፍቱ ነበር። «ግቡ፣ ግቡ» ይላሉ። ደጁ ላይ ግን ማንም የለም።

እያስተማሩ ከረሃቡ የተረፉ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት አጠኑ። ያገኙት መምህሮቻቸው ያሏቸውን አልነበረም። በባዶ ሆዳቸው ለሌላ ያካፈሉ፣ የእኔ የሚሉት ዓላማ የነበራቸው ሰዎች፣ ብዙዎቹ ከመከራው በኋላ እንቅልፍ አግኝተዋል፣ ከሰው ጋር መኖር ችለዋል። በዚህ ሥራ በ1988 ዓ.ም. ዶክትሬታቸውን ተቀበሉ። መጽሐፍ አድርጉት ሲባሉ ግን እምቢ አሉ። እኔም ለምን ብዬ ነዘነዝኳቸው። «ሸጋዬ፣ የጠየቅኩት የተረፉትን ብቻ ነው። አካፍለው የሞቱትን ማን ጠየቀልኝ?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሚሹት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የከላላዋን እናት ልጅ አግኝተው ይቅርታ መጠየቅ። ከላላና ማሻ ገበያ በዋለ ቁጥር እየሄዱ ሲያጠያይቁ ኖረው፣ በ2011 ዓ.ም. ደጎሎ ላይ ገብስ ስትነግድ አገኟት። ሩቂያ ትባላለች። አብሬያቸው ነበርኩ። ምንም ሳያስቀሩ ነገሯት። «ጋሼ፣ ቆሎው የኔ ነበር። ከጓዳ ሆኜ ሲበሉ አይቼዎታለሁ» አለች። ይቅርታውን አልሰጠችም፣ አልከለከለችም። ወንድሜም ቁጥራቸውን ትተውላት ነበርና ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ በጮኸ ቁጥር እሷ እየመሰለቻቸው ይነሡ ነበር። አልደወለችም።

በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል።

ትናንት ሩቂያ ከደጎሎ መጥታ ከእኛ ጋር አለቀሰች። ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም፣ እናንተም እንዳትጠይቋት እለምናለሁ። እሷ የጠየቀችን አንድ ነገር ነው፤ «ጋሼ የጻፉት ይታረምልኝ» አለች። ስለዚህ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት እናርማለን። የከላላዋ እናት ስማቸው ወይዘሮ ሀጀራ ጀብሪል ነው። በኅዳር 1966 ዓ.ም. ምንም አልጎደለብንም ብለው ተጽፎ ነበር። ጎድሎባቸው ነበር። ርቧቸው ነበር። ልጃቸውም ርቧት ነበር።

እግዚአብሔር የወይዘሮ ሀጀራንም የወንድሜንም ነፍስ ያሳርፍልን። አሜን።