ስልክህ አሁንም ይጠራል

ሐሙስ፣ ጥር 8። ሰመራ። ከሱብሒ ሶላት እስከ ቢሮ መግቢያ አምስት ጥሪ፦ ሁለቱ ጎማ፣ አንዱ የሞተር ቺንጋ፣ አንዱ ራዲያተር፣ አንዱ አንተን ፈልጎ።

ሰይዴ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ከጅቡቲ መንገድ ስትመለስ ጫማህን ሳታወልቅ ስለ ቤቱ ትጠይቅ ነበርና ከቤቱ ልጀምር። ልጃችን ሀያት ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቷ ነው፤ ለመመረቅ አምስት ወር ይቀራታል። አዋሽ ሰባት ኪሎ ያለውን ቤት አከራይቼዋለሁ። ተከራዮቹ ደህና ሰዎች ናቸው፣ የተከልከውን ኒም ያጠጣሉ። እኔ እዚሁ ሰመራ፣ እዚያው መሥሪያ ቤት፣ የመለዋወጫ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ እንደያዝኩ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ።

ስልክህን አልዘጋሁትም። መጀመሪያ ያቆየሁት ያልሰሙ ሾፌሮች መርዶውን ከእኔ እንዲሰሙ ብዬ ነበር። በዚያ መንገድ ላይ የትኛው ጋራዥ ምን ዕቃ እንዳለው የምታውቀው አንተ ነበርክ፤ መኪናው የቆመበት ሁሉ አንተ ጋ ይደውላል። ማረፍህን እነግረዋለሁ። ኢና ሊላሂ ይላል፣ ያዝናል። መኪናው ግን አሁንም እንደቆመ ነው። ስለዚህ ምኑ እንደተበላሸ እጠይቀዋለሁ። ከመንግሥት ሥራ በፊት አዋሽ ላይ መለዋወጫ ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ሞተሩ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳሰማ ከነገረኝ ምን ዕቃ እንደሚያስፈልገው አላጣውም። ከዚያ ዲቾቶ ወይም ሚሌ ያለ ጋራዥ ጋ እደውላለሁ፤ ወደ አዋሽ ከቀረበ ደግሞ ወዳጅህ አህመድ ጎሚስታው ጋ።

ነገሩ ያደገው ከዚህ ነው። ሀያት አንድ የስልክ መተግበሪያ ሠራች። ሾፌሩ የቆመበትን ቦታ ይልካል፣ ዕቃው ያለው ቅርብ መካኒክ ይደርስለታል። እሷ ስታርት አፕ ትለዋለች። አብሮን የገባበት አህመድ እስካሁን ስታርተር ነው የሚለው፤ አርሜው አርሜው ትቼዋለሁ። እሱ ሙሉ ጊዜዬን ለዚህ እንድሰጥ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሦስቴም እምቢ አልኩት።

ምክንያቴን ታውቀዋለህ። ሆስፒታል ተኝተህ እጄን ይዘህ፣ ሀያት እስክትመረቅ ከደሞዝሽ አትውረጂ ብለኸኛል፤ እሺ ብያለሁ። ቃሉ ባይኖርም ሒሳቡ ራሱ እምቢ ይላል። ደሞዝ መኪና ቆመ አልቆመ ወር ጠብቆ ይመጣል፣ ጡረታም አለው። የእኛ ነገር ግን ገና አቅጣጫው አልታወቀም። ሾፌሩ አንዴ የመካኒኩን ቁጥር ከያዘ እኛን ለምን ይፈልጋል? ይህን ጥያቄ ለአህመድ ሳቀርብለት ጎማ ማንከባለሉን ቀጠለ።

ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ግምጃ ቤት ቆጠራ ነበረ። ስልክህን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ከሥራ ስወጣ ከገዋኔ አለፍ ብሎ የቆመ አንድ ሾፌር ስድስት ጊዜ ደውሏል። መልሼ ስደውልለት አላፊ መኪና ረድቶት መንገድ ጀምሯል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነበር። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን፣ "አይዞሽ እህቴ፣ ሥራ ላይ ነሽ ብዬ ነው" አለኝ።

ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ አዋሽ ስወርድ ያ ቦታ ደረስን። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፤ መኪና ግን የለም። አንተ ታውቀዋለህ፦ በዚያ አገር ቆርጠህ የምታነጥፈው ቅጠል ስለሌለ መኪና የቆመበት ሰው ከኋላው ለምልክት ድንጋይ ያስቀምጣል፣ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ሰው በደስታ ድንጋዩን ትቶት ይሄዳል። ከኋላ በፍጥነት የሚመጣው ምን እንደሚያገኘው አያስብም። አንተ የራስህን ቀርቶ ሌላው የተወውን ለማንሳት ትቆም ነበር። በተጋባን ሰሞን ጋቢና ውስጥ በሙቀት እየነደድኩ ስንቴ ተነጫንጬብሃለሁ።

"ወራጅ አለ" አልኩ። ሾፌሩ እዚያው የምቀር መስሎት አቆመ። ድንጋዩን ማንሳት ስጀምር ክላክስ ነፋ፤ አንዷ ተሳፋሪ በመስኮት ብቅ ብላ፣ "ሴትዮ፣ መንገድ ትራንስፖርት ነሽ እንዴ?" አለችኝ፤ ሁሉም ሳቁ። አንድ የአፋር ሽማግሌ ብቻ ወርደው ምንም ሳይናገሩ ትልልቁን አነሱልኝ። ድንጋዩ ያቃጥል ነበር። ስልኩን አንስቼ ቢሆን መካኒኩ ይደርስ ነበር፣ ሲጨርስም ድንጋዩን አንሳ እለው ነበር። ያ ድንጋይ የሾፌሩ ብቻ ሳይሆን የእኔም ነበር።

አዋሽ ስደርስ ለአህመድ ሙሉ ጊዜዬን ይዤ እገባለሁ አልኩት፤ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ። ሥራው አለቀ የሚባለው መኪናው ሲሄድ ሳይሆን አስፋልቱ ከድንጋይ ሲጸዳ ነው፤ መካኒኩ የጸዳውን መንገድ ፎቶ ሳይልክ ዋጋውን አያገኝም። አህመድ ጎማውን ለቀቀውና አየኝ።

"አሁን የሚያወራው ሰይድ ነው ወይስ አንቺ?"

"እኔ ነኝ" አልኩት።

ይህን እንድታውቅ እፈልጋለሁ። በሕልሜ መጥተህ ፈቀድክልኝ አልልም፤ አልመጣህም። በሕይወት ብትኖር እንደምትከራከረኝም አውቃለሁ። የሰጠሁህን ቃል ሊፈጸም አምስት ወር ሲቀረው አፈርሰዋለሁ፤ የማፈርሰው ግን ዓይኔን ጨፍኜ አይደለም። የሀያት የአምስት ወር ወጪ ለብቻው ተቀምጧል፣ የአዋሹ ቤት ኪራይም የእሷ ነው። ካልተሳካ እንደገና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ከመሥሪያ ቤቱም በአንድ ቀን አልወጣም፤ ግምጃ ቤቱን መደርደሪያ በመደርደሪያ ቆጥሬ ለማስረከብ አንድ ወር እጠይቃለሁ። ከኋላዬ ለሚመጣው ድንጋይ አልተውም።

የስልክ ቁጥሩ አይቀየርም። አንተን ፈልጎ የሚደውል እስካለ ድረስ፣ ምኑ እንደተበላሸ ከመጠየቄ በፊት ማን እንደነበርክ እነግረዋለሁ። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ።

ነገ፦ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የመልቀቂያ ማመልከቻውን መዝገብ ቤት ማስገባት። ከጁምዓ በኋላ ለስልክህ አዲስ ባትሪ መግዛት።