የዕድር ለፋፊው ማራቶን

ኅዳር 3
ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳሁ። አራት ኪሎ ሜትር። ሦስቱን ሮጥኩ፣ አንዱን እያሰብኩበት ሄድኩ። በሁለት ሰዓት ሆስፒታል፣ ዋርድ። ሬዚደንት ሐኪሙ የታማሚዋን የልብ ምት ጠየቀኝ። የሚሰማኝ የራሴ ብቻ ነበር።
ማራቶን ለምን ተመዘገብኩ? ሐምዛ ነው። አምስት ዓመት አብረን ሕክምና ስንማር ስለ ጤናዬ ጠይቆኝ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ስተነፍስ አየኝና «ይበልጣል፣ አልጋ ይፈለግልህ?» አለ። የዚያኑ ዕለት ስሜን አስገባሁ። ጥር 17፣ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር። በአምስት ሰዓት ውስጥ ያልጨረሰ ሜዳሊያ የለውም፤ መንገዱም ለመኪና ይከፈታል።
ጊታር ጀምሬ ትቻለሁ። መንጃ ፈቃድ ጀምሬ ትቻለሁ። ፈረንሳይኛም... አባዬ ሁሉንም ቆጥሮ ይዟል። ይቺን ብቻ እንዳይቆጥራት።

ኅዳር 8
ትናንት የዕድር ስብሰባ ነበር። ዕድራችን መቶ አርባ ቤት ነው። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ጥሩንባ እየነፉ በየበሩ የሚናገሩት ለፋፊው አያ ወንዴ ናቸው። ነበሩ። ድንጋይ አንሸራቷቸው ቁርጭምጭሚታቸው ተሰብሯል፤ ሦስት ወር ይተኛሉ። ተተኪ ሲጠፋ የዕድሩ ዳኛ፣ ማለትም አባዬ፣ መነጽሩን አውልቆ «የኔ ልጅ በነጋ በጠባ ይሮጣል። ካልቀረለት አንድ ነገር ይዞ ይሩጥ» አለ። ተጨበጨበ። እኔ ዋርድ ነበርኩ። ባልነበርኩበት በሙሉ ድምፅ ተመረጥኩ።
የቴሌግራም ግሩፕ እንክፈት አልኩት።
«ሞት በስልክ አይነገርም።»
«ለምን?»
«ስልኩን የሚያጠፋ አለ። በር ሲንኳኳ ዝም የሚል የለም።»
ጥሩንባውን ተቀበልኩ።

ኅዳር 13
የመጀመሪያው ሟች። መቶ አርባ ቤት በሃምሳ ሁለት ደቂቃ ጨረስኩ። አያ ወንዴ ሁለት ሰዓት ይፈጅባቸው ነበር። የምመሰገን መስሎኝ... ቅሬታ ቀርቦብኛል። ሰው «ነፍስ ይማር» ብሎ ሳይጨርስ ጥዬው እሄዳለሁ ተብሏል።

ኅዳር 20
ችግር አለ። ማንም ሳይሞትም ስሮጥ ሰው ከየቤቱ ይወጣል። ዛሬ ባለሱቋ ዓይናለም መዝጊያዋን በግማሽ ዘግታ ጠበቀችኝ።
«ማን ነው?»
«ማንም።»
«ታዲያ ምን ያስሮጥሃል?»
ከተመዘገብኩ ጀምሮ ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ሳልቆም አለፍኩ። ያልቆምኩት የራሷ ሰው ሞቶ ቢሆን ነው ብላ ስታለቅስ አረፈደች። እናቷ ጋ ደወለች። እናቷ ደህና ናቸው። ከሰዓት በኋላ ተቆጥታ ቤታችን መጣች። እናቷ ደህና በመሆናቸው ይቅርታ ጠየቅሁ ማለት ነው።

ኅዳር 23
ጥሩንባ ካልተነፋ ሞት የለም ብዬ ለሰፈሩ አስረዳሁ። ገባቸው። ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዎች «ጥሩንባውን ረስተኸው ነው?» ብለው ጠየቁኝ።
ቢጫ ማሊያ ገዛሁ፤ ስፖርት መሆኑ በሩቁ እንዲታወቅ። ሰፈሩ ተመካክሮ ቢጫው የሌላ ዕድር ሟች ምልክት ነው ብሎ ወስኗል።

ኅዳር 28
እሑድ። የታሰበው ሃያ አራት ኪሎ ሜትር። ጾም ነው፤ ትናንት ምስር፣ ዛሬ ምስር፣ ጉልበቴም ምስር። ወለቃ ደርሼ፣ ሸክላ ሻጮቹ ማሰሮዎቻቸውን መንገድ ዳር ሲደረድሩ እያየሁ ስሮጥ ስልኬ ጮኸ። አባዬ። ሟች አለ፤ ቶሎ ና።
ሞት በስልክ አይነገርም ያለው ሰውዬ በስልክ ነገረኝ። ይህን ሳነሳበት «ላንተ ሥራ ነው የነገርኩህ» አለ። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ላይ ተመለስኩ።

ታኅሣሥ 4
ከሰፈራችን ወደ አስፋልቱ የሚያወጣው መንገድ አንድ ነው። እሱም በእትዬ የትነበርሽ በር ያልፋል። ልጃቸው ሐዲስ የጭነት መኪና ይነዳል። በዛሪማ በኩል ወደ ሰሜን ከወጣ አምስት ሳምንቱ፤ ስልኩ አይሠራም። እሳቸው ጎህ ሲቀድ በራቸው ላይ ይቀመጣሉ። እኔን ሲያዩ ይነሳሉ። አይጠይቁም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መነሳት ብቻ።
ከትናንት በስቲያ ጀምሮ በራቸው ጋ ስደርስ መራመድ ጀመርኩ። ጨዋነት መሰለኝ። ዛሬ ጠሩኝ።
«ምነው ልጄ፣ ቀስ አልክ?»
«እንዳላስደነግጥዎ ብዬ ነው።»
«መርዶ የያዘ ሰው ነው ቀስ የሚል። ስትሮጥ ይሻለኛል። ሩጥ።»
ለታማሚ ቤተሰብ ክፉ ወሬ እንዴት እንደሚነገር ሙሉ ኮርስ ወስጃለሁ። ኤ ነው ያገኘሁት። ይህ አልነበረበትም።
ተስማማን። ከበራቸው በፊት ያለው ጥግ ላይ ስደርስ «ለራሴ ነው!» ብዬ እጣራለሁ። እሳቸውም አይነሱም።

ታኅሣሥ 12
ፈተና። አልሮጥኩም። ሽሮ በላሁ፣ ተኛሁ።

ታኅሣሥ 19
ፕሮግራሙ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይላል። ቀብር። ባለፈው እሑድ ፈተና፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዋርድ ተረኛ... እስካሁን ከሃያ አንድ በላይ ሮጬ አላውቅም። ሃያ አንድ የማራቶን ግማሽ ነው። ግማሽ ላይ መተው ደግሞ የታወቅሁበት ሙያ ነው።
አባዬን ልቀቀኝ አልኩት።
«አያ ወንዴ ይቁሙና።»
«እሳቸው እስኪቆሙ ማራቶኑ ያልፋል።»
«በሚቀጥለው ዓመት ትሮጠዋለህ። ማራቶን አይሞትም።» ቀጠለና፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል፣ «ጊታሩም እኮ ቁም ሣጥኑ ላይ አለ» አለ።
ማራቶኑን አራተኛ አድርጎ ቆጥሮታል ማለት ነው።

ታኅሣሥ 26
ሠላሳ! ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት። ሐምዛ በሳይክል ተከተለኝ፤ ውኃ ይዞ። ሲሰለቸው የፋርማኮሎጂ ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ ስሳሳት ውኃውን ይከለክለኛል። ሃያ ስምንተኛው ላይ ቆምኩ። አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብዬ በቃኝ አልኩ። ምክር ይሰጠኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሳይክሉን አዙሮ «ለአባትህ አንተ ትነግራለህ ወይስ እኔ ልንገር?» አለ።
ተነሳሁ። ክፉ ሰው ነው።

ጥር 2
ሐዲስ ለገና ደወለ። ስልኩ ተሰርቆበት፣ መኪናውም ተበላሽቶበት ነው፤ ደህና ነው። እትዬ የትነበርሽ ከገና ወዲህ ጎህ ሲቀድ አይወጡም። ዛሬም ጥጉ ላይ «ለራሴ ነው!» አልኩ። በሩ ዝግ ነው። ተኝተዋል። ደስ ይላል። ብቻ... ለተዘጋ በር ማብራሪያ መስጠት ምን ይባላል? ነገም እላለሁ መሰለኝ። ለምዶብኛል።

ጥር 16
ነገ ነው። ቁጥሬ 318። ቀን ሙሉ መኮሮኒ በላሁ። የግራ ጉልበቴ ያመኛል። ወይስ አያመኝም? ሕክምና መማር ለዚህ አይጠቅምም፤ ስድስት በሽታ አገኘሁበት።
ሲመሻሽ አባዬ ከውጭ ገብቶ ጥሩንባውን ላጽዳው ብሎ ወሰደው። ጸድቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። የሞተ ሰው አለ ወይ አልኩት። «ተኛ» አለኝ። ተኛሁ።

ጥር 17
አራት ሰዓት ከሃምሳ ሦስት ደቂቃ። ሰባት ደቂቃ ተርፎኛል።
በቅደም ተከተል ልጻፈው። ውድድሩ ከአዘዞ ተነስቶ ከተማውን አቋርጦ ወለቃ ይደርስና ይመለሳል። የሰፈራችንን መግቢያ ሁለት ጊዜ ያልፋል። መጀመሪያ ሳልፍ አስፋልቱ ዳር ሠላሳ የሚሆኑ ጎረቤቶች ቆመዋል። ዓይናለምም አለች። ማንም «ማን ነው?» አላለኝም። ሁለት ወር ያስረዳሁት በመጨረሻ ገባቸው ብዬ ኮራሁ። እትዬ የትነበርሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ሐዘን ላይ እንደዚያ እንደሚለበስ አጥቼው አይደለም። ብርድ ቢሆን ነው አልኩ። ሰው ሲሮጥ አንጎሉ ደም ያንሰዋል።
ስመለስ እዚያው ቦታ እግሬ እምቢ አለ። ቆምኩ። እትዬ የትነበርሽ ውኃ ሰጡኝ። ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ ያየኛል፤ አንዲት ሴትዮ ልትናገር አፏን ከፈተች፣ ዓይናለም በክርኗ ጎሸመቻት። የምሞት መሰልኳቸው እንዴ? «እኔን ይድፋኝ፣ አይዞህ፣ ሂድ» አሉኝ እትዬ የትነበርሽ። ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙም አላስታውስም። መጨረሻው ላይ ሐምዛ ብብቴን ይዞ የልብ ምቴን ቆጠረ። ቁጥሩን አልነግርህም አለኝ።
በሰባት ሰዓት ቤት ገባሁ። ማንም የለም። ወደ ውስጠኛው ሰፈር ስሻገር ድንኳን ተተክሏል። እማማ እናኑ ናቸው፤ ዘጠና ሁለት ዓመታቸው፣ ትናንት ማምሻውን አርፈዋል። ቀብር በዘጠኝ ሰዓት። ለፋፊው እኔ ነኝ፤ አልሰማሁም።
ድንኳኑ በር ላይ እትዬ የትነበርሽ ነገሩኝ። አባዬ ጎህ ሳይቀድ፣ እኔ ወደ አዘዞ እንደወጣሁ፣ ጥሩንባውን ይዞ ወጣ። በዚያ በሚያመው ጉልበቱ። መቶ አርባ በር። በየበሩ ሁለት ነገር ይናገር ነበር አሉኝ፤ እማማ እናኑ ማረፋቸውን፣ ቀጥሎም «ልጄ በዚህ ሲያልፍ ማንም እንዳይነግረው፣ ከሰማ ይቆማል»።
አባዬ ድንኳኑ ጥግ ምሰሶ ተደግፎ ቆሟል። ድምፁ ተዘግቷል። ሜዳሊያውን ኪሴ ውስጥ አደረግሁና አጠገቡ ሄድኩ።
«ለምን አልነገርከኝም?»
«ሥራ ላይ ነበርክ» አለ።
አግዳሚው ላይ ልቀመጥ ብል ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። የሱም አልታጠፈም። አስከሬኑ እስኪወጣ ጎን ለጎን ቆመን ቀረን። ሰው ለሟች ክብር መሰለው።