የተኛን ሰው ስለ መጥራት

በርበራ፣ ሞቃቱ ነፋስ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን

ለታላቋ እህቴ፣

ሰላም ላንቺና ለቤትሽ ይሁን። ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ያለፈው ዝናብ ለግመሎቹ የሚበቃ ሣር ሰጣችሁ? እኔም ሱቁም ደህና ነን። ብቻ ሙቀቱ ጨርቅ የሚገዛ ሰው አላስቀረም፤ አቅም ያለው ሁሉ ወደ ተራራው ወጥቷል።

መልእክትሽ ደርሶኛል። እኔ ዘንድ ያለችውን ልጅሽን ሰገልን ስትተኛ እግሯን ከአልጋው ጋር እንዳስራት፣ በእንቅልፏ ብትነሣም ማንም እንዳይጠራት ብለሻል። አንቺም ጂኒውን የሚያስወጡ ከበሮ መቺዎች ይዘሽ ሐሙስ ልትመጪ ነው። አላሰርኋትም።

ቦንዳ ሳልፈታ ጨርቅ እንደማልገዛ ታውቂያለሽ። በእንቅልፉ ስለሚሄድ ሰው የሚወራውንም እንዲሁ ፈትቼ አየሁት። የተነሣችበትን ቀን ሁሉ በየዕለቱ በምጽፍበት ደብተር አሰፈርሁ፤ እስካሁን ስድስት ጊዜ ነው። ጨረቃ ስትሞላ ነው ይላሉ፤ ሙሉ ጨረቃ ላይ የዋለው አንዱ ብቻ ነው። ዓይን ጨፍኖ እጅ ዘርግቶ ነው ይላሉ፤ ዓይኗ ክፍት ነው፣ መቀርቀሪያውንም እንደ ማናችንም ትከፍታለች። ስትነቃ ምንም አታስታውስም የሚሉት ግን እውነት ነው። በዘር ይወርዳል የሚሉትም እውነት ሳይሆን አይቀርም፤ የወንድማችንን የሮብሌን ነገር ታውቂያለሽ።

ማክሰኞ ዕለት በቀትር እንቅልፍ ተነሣች። ጎረቤቴ ኩልሱን፣ "ጂኒው ሰዓት ተምታታበት እንዴ? በዚህ ፀሐይ ሰይጣንም ጥላ ይፈልጋል!" ብላ ሳቀች። ሰገል የጣሪያውን ደረጃ መውጣት ስትጀምር ግን ሳቋን ዋጠች። "አደራህን እንዳትጠራት! ከጠራሃት ነፍሷ አትመለስም" ብላ ክንዴን ያዘችኝ። "ደግሞ የተኛ ሰው አይወድቅም፣ መልአክ ይይዘዋል" አለችኝ።

ክንዴን አስለቅቄ ወጣሁ። ቀስ ብዬ ስሟን ጠራሁ፤ አልሰማችም። ደግሜ ጠራሁና ትከሻዋን ያዝሁ። ደነገጠች፣ ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ፣ "አብቲ፣ አጎቴ፣ እዚህ ምን እንሠራለን? እግሬን አቃጠለኝ!" አለችኝ። ነፍሷም ይኸው ከእሷው ጋር አለች፤ ትናንት በሻይ ስኳር ተጨቃጭቀናል።

እህቴ፣ ሮብሌ ከጣሪያ የወደቀ ዕለት አንቺ ከግመሎቹ ጋር በረሃ ነበርሽ። የአባታችን እህት ኤዶ ሙሚና ጮኻ ስለጠራችው ደንግጦ ወደቀ ብለን ነገርንሽ። ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት ደጅሽን አላስረገጥሻትም፤ ለልጅሽም ጥሪን የምትፈሪላት በዚያ ምክንያት ነው።

ኤዶ አልጠራችውም። ልትጠራው ስትል አፏ ታፈነ። ያፈናትም ነፍሱ እንዳትጠፋ ብሎ ነው፤ ያኔ ሁላችንም እንደዚያ እናምን ነበር። ሮብሌ ማንም ሳይጠራው ሄደ፣ ማንም ሳይጠራው ወደቀ። የኤዶ ጩኸት የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረችም። ጥርሷ ያረፈበት ግን አሁንም መዳፌ ላይ ይታያል።

ከበሮዎቹን ተያቸው። መኪናው ሼክ ከተማ ላይ ለምሳ ሲቆም ውረጂ፤ የኤዶ ቤት ከመስጊዱ ጀርባ ነው። አብራችሁ ከመጣችሁ በሬ ክፍት ነው። ብቻሽን ከመጣሽም የምትዪኝን ሁሉ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ልጅሽ ግን አትታሰርም።

አላህ ጉልበትሽን ያጽናው፣ መንገድሽንም ያቅናው። ለሰገል የሰላም እንቅልፍ ይስጣት፤ ለኤዶም ዕድሜ ይጨምርላት።

ታናሽ ወንድምሽ