በሠርግ ማለዳ ያስለቅሱን የነበሩት አቶ ሙሚንጆን

አቶ ሙሚንጆን ቱርሱናሊየቭ ከአባታቸው ከሐር አቅላሚው ከአቶ ቱርሱናሊ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሆሲያት እ.ኤ.አ. በ1948 በማርጊላን ከተማ ተወለዱ። እስከ አስረኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በአባታቸው ሙያ ተሰማሩ፤ እስከ ጡረታቸውም ድረስ ጥፍራቸው ከሰማያዊ ቀለም ጠርቶ አያውቅም። ታንቡር የተባለውን አንገተ ረጅም ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ መምታትን የተማሩት ግን ከአጎታቸው ነበር።

በ1969 በሠርግ ማለዳ፣ ከሥጋ ጋር የተሠራ ሩዝ በሚቀርብበት የፒላው ግብዣ ላይ እንዲዘፍኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠሩ። እሳቸውም ሠርግ ነው ብለው ሞቅ ያለ ዘፈን ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ከሳህኑ ሰበሰቡ፤ አንደኛውም “ልጄ፣ እኛ እኮ ልንደሰት ነው የመጣነው። የሚያስለቅስ የለህም እንዴ?” አሏቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ አርባ ዓመት ማርጊላንን ሲያስለቅሱ ኖሩ። ሰዉም እንባውን ጠርጎ፣ ፒላውን አጣጥሞ፣ ቀለል ብሎት ወደ ሥራው ይሄድ ነበር።

በ1972 ወይዘሮ ዙልፊዞርን አግብተው ሩስታምንና ማቭሉዳን ወልደዋል። ከተማውን የሚያስለቅሰው ሰውዬ ሽንኩርት ሲከተፍ እንኳ ዓይኑ አይረጥብም እያሉ ባለቤታቸው ይስቁባቸው ነበር።

በ2010 ሩስታም በመኪና አደጋ ሲሞት ታንቡሩን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ዝፈኑልን ብሎ ለሚለምናቸው ሁሉ መልሳቸው “እስከ ዛሬ የሰው ሐዘን ነበር የምዘፍነው፤ የራሴን አልችለውም” የሚል ነበር። ምግብም አልበላ አላቸው፤ እኛም እንዳናጣቸው ፈራን።

ከስድስት ዓመት በኋላ የሩስታም ልጅ ኒጎራ ልትዳር ሆነ። ታንቡሩን አውርዳ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችና “አባባ፣ አባቴን በለቅሶ ቀበርነው፤ በሠርጌ ደግሞ በዘፈን ላልቅስለት” አለቻቸው። በሠርጉ ማለዳ ዘፈኑ። ድምፃቸው ሁለት ጊዜ ተቆረጠ፤ ሁለቱንም ጊዜ መልሰው አነሱት። እንግዶቹ አለቀሱ፤ ኒጎራም ከጓዳ ሆና አለቀሰች። በመጨረሻ የእሳቸውም ዓይን ረጠበ። ሲጨርሱ ከልጃቸው ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለተኛ ሳህን ፒላው ጠየቁ።

አቶ ሙሚንጆን ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 2023 በሰባ አምስት ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል። አላህ መቃብራቸውን ያስፋላቸው፤ በጀነትም ያኑራቸው።

ለቅሶ ቤት ዘፈን አይገባምና ታንቡሩ ዛሬ ዝም ይላል። በመጪው ጸደይ የኒጎራ ወንድም ሲያገባ ግን በእሷ ሠርግ የዘፈኑት ያ ዘፈን እንዲዘፈን ተናዘዋል። “ያን ጊዜ ፒላው ሳይቀዘቅዝ አልቅሱልኝ” ብለዋል።