ቃለ መጠይቁ ለምን ረዘመ

ለተከበሩ የሥነ ሕዝብ ጥናት መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ (በዚህ ጋዜጣ በኩል)፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ ጤናና ሰላም እመኛለሁ። በተለይም በራቸውን ዘግተው ሲቀመጡ ውጭ ቆሞ የሚጠብቃቸው ሰው የሌለባቸው ከሆነ፣ ይህ ዕድል እንዲሰነብትላቸው ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ ቤቴ ውስጥ ልብስ እየሰፋሁ የምኖር፣ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ እናት ነኝ። መሥሪያ ቤትዎ የሕዝቡን የግብረ ሥጋ ግንኙነት ልማድና አመለካከት ለማጥናት በግቢያችን ካሉት አራት ቤቶች አንዳንድ ሴት በዕጣ ሲመርጥ፣ ከእኛ ቤት ዕጣው ለእኔ ወጣ። አማቴ በዕድሜያቸው ምክንያት ዕጣው ውስጥ አለመግባታቸው እስከ ዛሬ ቅር ያሰኛቸዋል። እኔ ግን ከዚያ በፊት ዕጣ ወጥቶልኝ ስለማያውቅ በቅድሚያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ቀጥሎ ያለውንም፣ ቁጥር እንደምትወዱ ስለተረዳሁ፣ በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

፩ኛ. ስለ ምስጢር አጠባበቃችሁ። የላካችኋት ጠያቂ ትሑት ወጣት ናት፤ በእርሷ ላይ ቅሬታ የለኝም። በደንባችሁ መሠረት ከተጠያቂዋ በቀር ማንም ክፍሉ ውስጥ መኖር ስለሌለበት፣ ባለቤቴን ከነሻይ ብርጭቆው፣ አማቴን ከነወንበራቸው፣ ልጄን ከነደብተሯ ወደ ግቢ አስወጥታ በሩን ዘጋች። ቤታችን አንድ ክፍልና አንዲት ጓዳ ናት። ካገባሁ ጀምሮ ያ በር በቀን ተዘግቶ አያውቅም። እናም ምን እንደምጠየቅ ማንም እንዳይሰማ ሲባል፣ እየተጠየቅሁ መሆኔን ግቢው በሙሉ ቆሞ እንዲመለከት ተደርጓል። ለዚህ ጥንቃቄ ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም።

፪ኛ. ስለ መዝለል። ቅጻችሁ «የለም» ያለችውን ሴት ብዙ ጥያቄ እንደሚያዘልላት ግቢያችን ያወቀው ከአናጢው ሚስት ነው። ከባልሽ ሌላ ሰው ነበረ ወይ ስትባል «የለም» ያለች ወደሚቀጥለው ክፍል ትሻገራለች፤ «አዎ» ያለች ግን መቼ፣ የት፣ ስንት ጊዜ እየተባለች ትቆያለች። የአናጢው ሚስት ከሁላችን ቀድማ ተጠይቃ ስትወጣ፣ ልብስ ማጠቢያው ሳፋ ላይ እንደተጎነበሰች፣ «የለም ካልሽ ይዘልልሻል፤ አዎ ካልሽ ነው ጉዱ» ብላ ለሁሉም አስረዳች። መሥሪያ ቤትዎ ስለ ጥናቱ አሠራር ለሕዝብ ማብራሪያ ለመስጠት ካሰበ እርሷን ቢቀጥር አይከስርም።

ከዚህ በኋላ በግቢያችን የሴት ጨዋነት የሚለካው በሩ ተዘግቶ በቆየበት ጊዜ ሆነ። እርሷ ራሷ የወጣችው የሳፋው አረፋ ሳይጠፋ ነው። ጡረታ የወጣችው ነርስ ድንች ጥዳ ገብታ ሳይበስል ወጣች። የጥግ ቤቷ ልጅ ደግሞ ገብታ ወዲያው በመውጣቷ እናቷ ኮርታ ለሁሉም ሻይ አፈላች። እኔ ስገባ የአናጢው ሚስት የመጀመሪያውን አንሶላ እያሰጣች ነበር። ስወጣ አንሶላው ደርቆ እያጣጠፈችው ነበር። እርሷ ባለቤቴን አየችው፤ ባለቤቴም አንሶላውን አየ።

ባለቤቴ በፋብሪካ በር ላይ የሠራተኛ መግቢያና መውጫ ሰዓት ተቆጣጣሪ መሆኑን ብታውቁ ኖሮ ምናልባት ዕጣውን ለሌላ ቤት ታስተላልፉት ነበር። ዘግይቶ የወጣን ሰው ምክንያት መጠየቅ እንጀራው ነው።

፫ኛ. ስለ ማስረጃ። የተጠየቅሁትን ሁሉ «የለም» ብዬ መመለሴን የሚገልጽ አንዲት ወረቀት እንዲጻፍልኝ ቢሯችሁ ድረስ መጥቼ ነበር። ምክትልዎ ወንበር ስበው፣ ውኃ አስመጥተው፣ በታላቅ አክብሮት አስተናገዱኝ። መልሴ ከስሜ ጋር ስለማይያያዝ እኔ ራሴ ብጠይቅ እንኳ የትኛዋ ሴት እንደሆንኩ ማንም ሊያውቅ እንደማይችልም አስረዱኝ። እፎይ አልኩ። በዓለም ላይ ስለ እኔ ምንም የማያውቅ አንድ መሥሪያ ቤት መገኘቱ መጽናኛ ነው፤ ግቢያችን ግን ሁሉን ያውቃል።

፬ኛ. ስለ ስልኩ። ማን እንደሆንኩ የማያውቀው ይኸው መሥሪያ ቤት በሳምንቱ ስልኬን አግኝቶ ደወለ። እኔ የስፌት መኪናው ላይ ሁለት እጄ ተይዞ ስለነበር ያነሣው ባለቤቴ ነው፤ ድምፁንም ለሁላችን ከፈተው። የደወለችው ሠራተኛ፣ በዚህ ቤት የተደረገው ቃለ መጠይቅ ከተለመደው በላይ ስለረዘመ ኮምፒውተሩ ለይቶ እንዳወጣው፣ በመጪው ሳምንትም ተቆጣጣሪ መጥታ ጥያቄዎቹን እንደምትደግም በትሕትና ገለጸች። ባለቤቴ አመስግኖ ዘጋ። ከዚያም ወደ እናቱ ዞሮ፣ «ኮምፒውተሩም ገርሞታል» አለ።

በማግሥቱ የበሩን መቀርቀሪያ ነቀለው። አማቴም ወንበራቸውን ከመስኮቱ ሥር ወደ ደጃፉ አዛወሩ፤ ነፋስ እንደሚሻላቸው ይናገራሉ። ባለቤቴ እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም፤ አሁንም አላነሣም። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን እያወለቀ «ምን ብለሽ ነው የቆየሽው?» ይለኛል። «ምንም» እለዋለሁ። «ምንም እንዲህ አይረዝምም» ይለኛል። ከዚያ ራት እናቀርባለን።

አሁን ያለሁበትን ሁኔታ ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። ተቆጣጣሪዋ መጥታ በደንባችሁ መሠረት ብቻሽን ላነጋግርሽ ካለች በሩ ዳግመኛ ሊዘጋ ነው። ባለቤቴ ይቀመጥ ብላት ደንባችሁ አይፈቅድም፤ ቢፈቅድም እርሱ ባለበት የምመልሰው መልስ ለእናንተ እንደማይጠቅማችሁ ጠያቂያችሁ ነግራኛለች። አልጠየቅም ብል መብቴ መሆኑን ቅጻችሁ ላይ አንብቤያለሁ፤ ግቢያችን ግን አልጠየቅም ያለችን ሴት ምን ብሎ እንደሚመዘግብ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ባለቤቴ በበኩሉ ቁርጡን ነግሮኛል። በዚህኛው ዙርም ከቆየሁ ልብሴን ሰብስቤ ወደ ወንድሜ ቤት እሄዳለሁ፤ ልጄ እዚሁ ትቀራለች።

፭ኛ. ስለዚህ አንድ ትንሽ ሐሳብ። ወደፊት ጠያቂዎቻችሁ «አዎ» ያለችውንም «የለም» ያለችውንም ሴት እኩል ያቆዩልን። ጥያቄው ካለቀባቸው ስለ አየሩ ይጠይቁን። ዝም ብለውም ቢቀመጡ ቅር አይለንም።

የቆየሁበትን ምክንያት ለባለቤቴ መንገር ያልቻልኩትን ለእርስዎ ልንገርዎ። ስለ ሌላ ሰው የተጠየቅሁትን ሁሉ እንደ ጎረቤቶቼ «የለም» ብዬ ነው የዘለልኩት፤ እውነትም የለም። ያቆመኝ ወደ መጨረሻው አካባቢ የመጣ አንድ ጥያቄ ነው። ባልዎ ፈልገው እርስዎ ባይፈልጉ፣ አልፈልግም ማለት ይችላሉ ወይ ይላል። ምርጫዎቹ «አዎ»፣ «አይ» እና «አላውቅም» ናቸው። ልጅቱ አንብባልኝ ጠበቀች። እንዳታግዘኝ የሠለጠነች ስለሆነች አላገዘችኝም። ክፍሉ ውስጥ የሚጠራኝ ሰው አልነበረም፤ የስፌት መኪናውም ዝም ብሏል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ አሰብኩበት። ውጭ አንሶላ እየደረቀ እንደነበር አላወቅሁም። በመጨረሻ «አላውቅም» አልኩ፤ እርሷም የያዘችውን ታብሌት ነክታ አለፈች።

የሕዝቡን ጓዳ ለማወቅ ስለደከማችሁ፣ ጓዳዬንም ያለ መቀርቀሪያ ክፍት አድርጋችሁ ስለተዋችሁልኝ በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ ስሜን ያልጻፍኩት ያስተማራችሁኝን ምስጢር አጠባበቅ አክብሬ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ከአራቱ ቤቶች የአንደኛዋ ተጠያቂ፣
ከሁሉም የቆየችው

ማሳሰቢያ፦ የሚመጣው ቃለ መጠይቅ እንዳይረዝምብኝ መልሴን አስቀድሜ ልኬያለሁ። ያን ቀን «አላውቅም» ያልኩት ሞክሬው ስለማላውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለጥያቄያችሁ ስል አንድ ጊዜ ሞከርኩት። ባለቤቴ «ይህንንም እነሱ ናቸው ያስተማሩሽ?» አለኝ፤ የቀረው ሁሉ እንደ ወትሮው ሆነ። ስለዚህ «አላውቅም» የሚለው ተሰርዞ «አይ» በሚል እንዲስተካከልልኝ እጠይቃለሁ። ተቆጣጣሪዋ ይህን ጥያቄ ዘልላ ትውጣልኝ። ባለቤቴ ጋዜጣ የሚያነበው ከስፖርቱ ገጽ ጀምሮ ነው፤ እዚህ ገጽ እስኪደርስ እርሷ ጨርሳ እንደምትሄድ ተስፋ አለኝ።