ያንቺ ሲወርድ፣ የኔ ሲወጣ

እማዬ፣

ከሄድሽ ዓመት ሊሞላ ነው። ኅዳር ላይ ነበር፤ አሁን ነሐሴ ገብቷል። የምጽፍልሽ ከወልድያ ነው፤ ከጋሽ ጌጡ ፍሪጅ መጠገኛ፣ ከኋላ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ። የምሳ ሰዓት ነው። ፊቴ ሆዱ የተከፈተ ፍሪጅ ቆሟል። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለሆነ ማንም አይሰማኝም። ስጽፍ ከንፈሬ እንደሚንቀሳቀስ ታውቂያለሽ።

አዎ፣ ጋሽ ጌጡ። እኒያ ማንጎ በገዙ ቁጥር የሚጨቃጨቁሽ። እዚህ እንዴት እንደደረስኩ ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት። መጀመሪያ ግን የቤቱን ልንገርሽ።

ቤቱ ደህና ነው። የጓዳው በር እንደተሰበረ ነው፤ እህቴ ሰዓዳ መጋረጃ ሰቅላበታለች። መብራት ተመልሷል፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። እሷው አንቺ ቦታ ላይ፣ መርሳ መናኸሪያ በር ላይ ትሸጣለች። አንቺ ስኳርሽን ፈርተሽ ያን ሁሉ ዓመት ሳትቀምሺ የሸጥሽውን ማንጎ እሷ እየቀመሰች ትሸጠዋለች። «ያልቀመስኩትን እንዴት ጣፋጭ ነው ብዬ ልማል?» ትላለች። አንቺ ስትምዪ ኖረሻል። መልሶ ያመጣብሽም ሰው አልነበረም።

ማሰሮው ያለበት ነው። ማንም አላነሳውም። ሰዓዳ ስትጠርግ ዙሪያውን ትጠርጋለች።

*

ስለ ማሰሮው ማሰብ የምጀምረው ሳልፈልግ ነው። እጄ ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ፣ ወይም ሚኒባስ ውስጥ፣ ድንገት።

በጦርነቱ ከተማው በተያዘ ሰሞን መብራት ጠፋ። ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ የምታስቀምጪው ኢንሱሊን ሊሞቅ ሆነ። አንቺ አልደነገጥሽም፤ ወይም አላሳየሽኝም። ትልቁን የሸክላ ማሰሮ አወጣሽ። ውስጡ ትንሽ ድስት አስቀመጥሽ፣ መሃሉን የወንዝ አሸዋ ሞላሽ፣ አሸዋውን አራስሽ፣ ብልቃጦቹን በጨርቅ ጠቅልለሽ ድስቱ ውስጥ አስተኛሻቸው። ከላይ እርጥብ ጆንያ። አሸዋው እንዳይደርቅ ውሃ መርጨት የኔ ሥራ ሆነ። እጄን ሳስገባ ይቀዘቅዝ ነበር። እንደ ፍሪጅ ባይሆንም ይቀዘቅዝ ነበር።

ኢንሱሊኑ ሳይበላሽ አለቀ። ይኼን ደጋግሜ አስበዋለሁ። ሳይበላሽ፣ አለቀ። ወደ ደሴ መንገድ የለም። ወልድያ የደረሰ ሰው መድኃኒት ቤቱ ባዶ ነው ብሎ ተመለሰ። ድስቱ ባዶ ከሆነ በኋላም አሸዋው ላይ ውሃ እረጭ ነበር። አይተሽኛል።

ቀብርሽ ላይ የነበርነው ጥቂት ነን። መውጣት ያስፈራ ነበር። ሶላቱ አጠረ፣ ድንኳን አልተተከለም፣ ለቅሶ የደረሰን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ይኼ ነገር በኋላ ምን እንዳመጣብኝ ስነግርሽ ትስቂያለሽ።

*

የመጀመሪያውን ዓመት የዩኒቨርሲቲ ውጤቴን ይዤልሽ የመጣሁ ቀን። አንድ ነጥብ ስምንት፣ ከአራት። ከማስጠንቀቂያ ጋር።

መምህሩ ሰሌዳውን ሞልቶ ሲያጠፋው እኔ ገና ርዕሱን እየገለበጥኩ እንደነበር ላስረዳሽ ሞከርኩ። አንቺ የስኳር መለኪያሽን አወጣሽ። ጣትሽን ወጋሽ፣ ጠበቅሽ፣ ቁጥሩን አሳየሽኝ። «ይኼ ሲወርድ ነው ደስ የሚለኝ። ያንተስ?» አልሽኝ። ሲወጣ፣ አልኩሽ። «እንግዲያው ያንተን አንተ አውጣ። የኔን እኔ አወርዳለሁ።»

ከዚያ በኋላ በደወልኩ ቁጥር ጥያቄሽ አንድ ሆነ፦ «ሰይዶ፣ እየወጣ ነው ወይስ እየወረደ?» ሁለት ነጥብ አንድ የገባሁ ቀን እልልታሽ ስልኩን ከጆሮዬ አስነሳኝ። ዶርሙ ውስጥ የነበሩት ልጆች ሠርግ መሰላቸው። ሁለት ነጥብ አንድ እልል የሚባልለት ቁጥር አይደለም፣ እማዬ። ድምፁን ቀንሼ ወደ ኮሪደር ወጣሁ።

*

ጦርነቱ ጋብ ሲል ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ። ወርክሾፑ ተዘርፎ ማሽኖቹ በነበሩበት ቦታ የብሎን ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። መምህሩ በእጁ አየር ላይ እየሳለ «እዚህ ጋ ሞተሩ ነበረ እንበል» እያለ አስተማረን። ሁለት ነጥብ አራት ደረስኩ። የነገርኩት ሰው የለም።

ከዚያ ኢንተርንሺፕ መጣ። አንድ መንፈቀ ዓመት ሥራ ቦታ ገብቶ መሥራት ነው። ቦታውን ተማሪው ራሱ ይፈልጋል፤ ተቀብለነዋል የሚል ወረቀት በማህተም አስመትቶ ያመጣል። እስከ አርብ ያላመጣ ዓመቱን ይደግማል ተባለ። መድገም ማለት ሰዓዳ ሌላ አንድ ዓመት ብቻዋን መናኸሪያ በር ላይ መቀመጥ ማለት ነው። እሷ አላለችኝም። እኔ ነኝ የምለው፤ ስተኛም ስነሣም።

ኮምቦልቻ ወረድኩ። የአንድ ፋብሪካ ሰው የውጤት ወረቀቴን ከላይ ጀምሮ አየ። ከላይ ያለው የመጀመሪያው ዓመት ነው። ወደ ታች አልወረደም። ወረቀቱን በጨዋ ደንብ አጥፎ መለሰልኝና «በርታ» አለኝ። ሌላ ቦታም በርታ አሉኝ። ከሁለተኛው በኋላ በርታ ማለት አይሆንም ማለት እንደሆነ ገባኝ።

ወልድያ ተመለስኩ። እዚህ ደግሞ ወረቀቴን የሚያይ ጠፋ። ሰው የሚያየው የዘሀራን ልጅ ነው። መንገድ ተዘግቶበት፣ ፈርቶ፣ ተሰዶ ለቅሶ ያልደረሰሽ ሁሉ እኔን ሲያገኝ መጀመሪያ ያለቅሳል። ሌላ ወሬ ማንሳት ነውር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ብርቱካን ትገዛሽ የነበረች ሴት «ውይ! የዘሀራ ልጅ!» ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እንዴት ብዬ የዩኒቨርሲቲውን የትብብር ደብዳቤ ላውጣ? አልቅሰን ተለያየን። አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ አስቀመጠኝ፣ ሻይ አስመጣ፣ «አላህ ሶብሩን ይስጥህ» ብሎ ረዥም ዱአ አደረገልኝ። አሚን፣ አሚን እያልኩ ቆይቼ ወጣሁ። ልጠይቅ የመጣሁትን እንኳ አልጠየቀኝም፤ ሐዘንተኛ ጉዳይ አለው ብሎ ማን ያስባል?

ረቡዕ ጋሽ ጌጡ ጋ ደረስኩ። ገና ሲያዩኝ መፍቻውን ጣሉት። «እቴ ዘሀራን!» አሉ። ሱቁን ዘግተው ምግብ ቤት ወሰዱኝ፤ ሽሮ አዘዙልኝ፤ እኔ ስበላ እሳቸው በመሐረብ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። የትብብር ደብዳቤው ደረት ኪሴ ውስጥ በላብ ራሰ። ሽሮውን ጨረስኩ። ተሰናብቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሲሪንቃ ላይ ስንደርስ ሳቄ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ሳቅ መሆኑ ቀረ።

*

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ጌጡ ከባለቤታቸው ጋር መርሳ ድረስ መጡ። ምግብ ቤት ውስጥ አልቅሶ ለቅሶ ደረስኩ ማለት አይሆንም ብለው ነው። የለቅሶ ቤት ደንብ ነውና ስኳር ይዘው መጡ። እማዬ፣ ስኳር። ሰዓዳ ተቀብላ አንዴ እኔን፣ አንዴ ስኳሩን አየች። ከንፈሯን ነክሳ ወደ ጓዳ ገባች።

ተቀመጥን። «ነፍሷን ይማር» አሉ። የዚያችን ሚዛንሽን ነገር አነሱ፣ ሁልጊዜ ወደ አንቺ እንዴት እንደምታዘነብል። ነገ አርብ ነው እያልኩ ምንጣፉን አያለሁ።

«ጋሼ» አለች ሰዓዳ ከመጋረጃው ኋላ። «ይኼ ልጅ ትናንት አንቱ ዘንድ የመጣው ሥራ ፍለጋ ነበር። አልቅሰው መለሱት።»

ጋሽ ጌጡ ወደ እኔ ዞሩ። «አፍ የለህም እንዴ አንተ? ሽሮው ሲመጣ እኮ ነበረህ!» ባለቤታቸው በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው፤ የለቅሶ ቤት ነው። እኔ ደብዳቤውን አወጣሁ። አወጣሁና፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ውጤቴ ዝቅተኛ ነው አልኩ። ወረቀቱን ገልጠው እንዳያገኙት ይሆናል። ወይም በርታ የሚለውን ቶሎ ሰምቼ ልገላገል።

«አውቃለሁ» አሉ። «አንድ ነጥብ ስምንት።»

ቀና አልኩ።

«ምን ያፈጥሃል? እናትህ ያልነገረችው ሰው አለ? መናኸሪያው በሙሉ ያውቃል። ሾፌሩ ያውቃል፣ ረዳቱ ያውቃል። ማንጎ እየመዘነች ‹የኔ ሲወርድ፣ የልጄ ሲወጣ› ትለን ነበር። ሁለት ነጥብ አንድ የገባህ ቀን አንድ ማንጎ መርቃልኛለች። ያቺ ሴት! ጌጡ ላይ ግራም የማትለቅ! ሚስቴ ናት ምስክሬ፣ ያን ቀን ታመመች እንዴ ብዬ ነው የገባሁት።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አሁንስ ስንት ደረሰ?»

ሁለት ነጥብ አራት፣ አልኩ።

«እየወጣ ነዋ» አሉ። ከዚያ የእውነት አለቀሱ፤ የምግብ ቤቱን ዓይነት አልነበረም።

እኔ በጉያዬ ሸጉጬ የዞርኩበትን ቁጥር አንቺ ከማንጎው ጋር ስትመርቂው ኖረሻል። ያፈርኩበት መንገድ ላይ ሁሉ ቀድመሽኝ አልፈሻል። ከላይ ጀምረው አላነበቡትም፤ አንቺ እንደነገርሻቸው፣ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ነው የሚያውቁት።

አርብ ጠዋት ማህተሙን ፍለጋ ሱቁን አመስነው። በጦርነቱ ጊዜ አንድ የሞተ ኮምፕረሰር ውስጥ ደብቀውት የትኛው እንደሆነ ረስተውታል። ስንቱን ፈታን! ወረቀቱን ዲፓርትመንት ሳስገባ እጄ ዘይት ብቻ ነበር። ጸሐፊዋ በሁለት ጣቷ ተቀበለችኝ።

*

አንዳንዴ፣ ብቻዬን ስሆን፣ ጋሽ ጌጡ ለምን ወሰዱኝ እላለሁ። ለሐዘኔ ነው? ላንቺ ነው? ለኔስ የሚሆን ትንሽ ነገር አለበት? ትናንት የመዳብ ቱቦ ስበይድ አቃጥዬ በሳሁትና የሰደቡኝን ስድብ እዚህ አልደግመውም። ደስ አለኝ። ሐዘንተኛ እንደዚያ አይሰደብም።

ባለፈው ሳምንት ውርጌሳ አጠገብ ያለ ጤና ጣቢያ ሄድን። ፍሪጁ ጦርነቱ ካለፈ ጀምሮ አይሠራም ነበር። ጋሽ ጌጡ በሩ ላይ ቆመው «ያንተ ነው» አሉኝና ወጥተው ከዘበኛው ጋር ወሬ ጀመሩ። የሳሙና አረፋ ቱቦው ላይ እየቀባሁ ሄድኩ። ከኋላ፣ መታጠፊያው ጋ፣ አረፋው ትንሽ ተነፋ። ጋዙ የሚያመልጠው በዚያ ነው። በየድኩት። ያን ዕለት አላቃጠልኩም። ጋዝ ሞላሁ፣ አስነሣሁት፣ ቴርሞሜትሩን ውስጥ አስቀምጬ ፊቱ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ መውረድ ጀመረ። ቀስ እያለ። ጣትሽን ወግተሽ ቁጥሩን ስትጠብቂ የነበረውን ፊትሽን አየሁት።

«እየወረደ ነው» አልኩ።

ነርሷ ለማን እንደነገርኩ ዞራ ፈለገች። ፍሪጁ ሲበርድላት ክትባቶቹን ደረደረች፤ ከጎናቸው የኢንሱሊን ብልቃጦች፣ ጥቂት። መብራት ቢጠፋስ አልኳት። ትከሻዋን ሰበቀች። «እንደዚያን ጊዜው ነዋ።»

ጦርነቱ እንደገና ይመጣል ይላሉ፣ እማዬ። ከቆቦ በኩል የሚመጡ ሾፌሮች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ጋሽ ጌጡ ማታ ማታ ዕቃቸውን ይሸክፋሉ፣ ጠዋት መልሰው ይፈታሉ። ማህተሙን አሁን እኔ እይዘዋለሁ። እኔም የምጠግነው ፍሪጅ ስንት ቀን ይቀዘቅዝ ይሆን እያልኩ ነው የምጠግነው። እጠግነዋለሁ ግን።

እሑድ መርሳ ሄጄ ማሰሮውን አነሳሁት። ሳላስፈቅድሽ። ሰዓዳ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። «ለማን?» አለች። ነገርኳት። አዲስ አሸዋ ልታመጣ ወንዝ ወረደች። አሸዋውን አብረን አጠብነው። ሚኒባሱ ረዳት የአንድ ሰው ቦታ ይዟል ብሎ ጮኸ፤ የማን እንደሆነ ሰዓዳ ስትነግረው ራሱ ታቅፎት ሄደ።

አሁን ጤና ጣቢያው ጥግ ላይ፣ ከፍሪጁ ጎን ነው። አሸዋውን እንዴት እንደምታረጥብ ለነርሷ አሳየኋት። ስምሽን ጠየቀችኝ።

ቤት ወለሉ ላይ ክብ ምልክት ቀርቷል። ሰዓዳ አሁንም ዙሪያውን ትጠርጋለች።

ዝናቡ እያባራ ነው፤ ጋሽ ጌጡ እየጠሩኝ ነው። በየመንፈቁ ቁጥሬን እነግርሻለሁ። ሲወጣ እነግርሻለሁ። ቢወርድም አልደብቅሽም፤ አንቺ ለሰው ሁሉ የምታወሪውን እኔ ምን ልደብቅ። በደረስኩበት ፍሪጅ ሁሉ ፊት ቁጥሩ እስኪወርድ ቁጭ እላለሁ፤ ያን ጊዜ አጠገቤ ነሽ።

አላህ ማረፊያሽን ያቀዝቅዝልሽ።

ልጅሽ ሰይድ