ለመዳም፣ ከውጭ ከተቆለፈው ክፍል

መዳሜ፣

ከተለየሽን እነሆ ሦስተኛው ጁምዓ ነው። ለድመት ደብዳቤ አይጻፍም፣ ያውም ለሞተች ድመት፤ ይህ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ቀኑን ሙሉ በሹክሹክታ የሚኖር ሰው የሚያናግረው ሲያጣ ይጽፋል። ባለቤቴ እንድሪስ አጠገቤ ግድግዳ ተደግፎ አንቀላፍቷል። እንደምታውቂው ሲያንቀላፋ ያንኮራፋል፣ ሲያንኮራፋ ድምፁ እንዳይወጣ በእግሬ ገፋ አደርገዋለሁ። ድሮ ይህ ያንቺ ሥራ ነበር፤ ደረቱ ላይ ወጥተሽ ጉብ ትዪበት ነበር።

ቤቱ ያው ነው። አይጧ ተመልሳለች። ሳህንሽን አላነሳነውም፤ ትናንት እሱ ላይ ሆና ፍርፋሪ ስትለቅም አየኋትና ተነስቼ ለማባረር እንኳ ደከመኝ። እንድሪስ የቱና ቆርቆሮ ሲከፍት እስካሁን ዘይቱን ላንቺ ለብቻ ያንቆረቁረዋል፤ ከዚያ ትዝ ሲለው ዝም ብሎ ያየዋል። እኔም አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ።

አመጣጥሽን አታስታውሺውም፣ ዓይንሽ ገና መገለጡ ነበር። ያኔ እንድሪስ ከጅዳ ወጣ ብሎ ባሕራ ከሚባል ቦታ፣ ብሎኬት ማምረቻ የቀን ሥራ ይሠራ ነበር። የተደረደረውን ብሎኬት መኪና ላይ ሲጭኑ ከመሀሉ አገኘሽ፤ እናትሽ የት እንደገባች አላህ ይወቅ። ምሳ ዕቃው ውስጥ አድርጎ በአውቶቡስ ጅዳ ድረስ ይዞሽ መጣ። ጉለይል ነበር የምንኖረው፣ ሦስት ቤተሰብ ባንድ ሽንት ቤት። እኔ ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት ሳጸዳ ከርሜ ሐሙስ ማታ ነበር የምመጣው። ጫማዬን ሳላወልቅ ጮኽሽብኝ። ወተት ሰጠሁሽ፤ አልሞቀም መሰለኝ ፊትሽን አዞርሽ። እንድሪስ ከት ብሎ ሳቀና፣ ከአንዷ መዳም ተገላገልኩ ብለሽ ብትመጪ ሌላዋ ቤትሽ ቁጭ ብላ ጠበቀችሽ አለኝ። ስምሽ በዚያው ጸና።

ልጅ አላህ አልሰጠንም። ይህንን ላንቺ ካልጻፍኩት ለማን እጽፈዋለሁ። ማታ ማታ ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን ሲጠሩ እኛ አንቺን እንጠራ ነበር፣ ማንም አይስቅብንም ነበር። እንድሪስ ሲሰግድ፣ ሱጁድ ሲወርድ ጠብቀሽ ጀርባው ላይ ትወጪበታለሽ፤ እስክትወርጂ ቀና አይልም። ለውዱእ ያስቀመጠውን ውሃ ብትጠጪበት እንኳ አይደፋውም። ድመት የቀመሰችው ውሃ አይረክስም ብሎ በቀረው ይታጠብ ነበር። እኔ ብጠጣበት ግን ይቆጣኛል።

ከዚያ የመንግሥቱ ምሕረት መጣ። እንደኛ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ወይ ወረቀቱን ያስተካክል ወይ በሰላም ይውጣ ተባለ። ከጉለይል ሰው በየቀኑ ሻንጣውን እየጎተተ ወጣ። እኔም እንሂድ አልኩ። እንድሪስ፣ ድመቷን ለማን ጥለን አለ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሳምንት ቆይቼ ብጠይቀው፣ ድመቷን ለማን ጥለን። ወንድሜ ከደሴ ደውሎ ቢለምነው ያንኑ መለሰለት። ሰው ሁሉ መሳቂያ አደረገው። እውነቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ካገር ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለእናቱ የቆርቆሮ ቤት እሠራልሻለሁ ሲል ኖሯል፤ ባዶ እጁን እፊቷ መቆም ሞት ሆነበት። ይህን ከሚናገር ያንቺን ስም መጥራት ቀለለው። እንዲህ እያልን የምሕረቱ ጊዜ አለቀ።

አፈሳው ሲጀመር ጉለይል መቀመጥ አልተቻለም። የሐጃ ዘሃራ ልጅ በመኪናው ወደ መካ፣ ነካሳ የሚባለው ሰፈር አመጣን። ሐጃ አያቶቿ የወሎ ሰዎች ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ መካ ተወልዳ ያረጀች፣ ኢቃማዋ የተሟላ፣ አማርኛዋ ግማሹ ዐረብኛ የሆነ ደግ ሴት ናት። ኬላው ላይ መኪናው ሲቆም ከዓባያዬ ሥር ጭኔ ላይ ነበርሽ። መንገዱን ሁሉ ስትነጫነጪ መጥተሽ እዚያ ጋ ስትደርሺ ዝም አልሽ። ወታደሩ የልጁን ወረቀት ብቻ አይቶ አሳለፈን።

ሐጃ ከቤቷ ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጠችን፣ ብልሃቱንም ያሳየችን እሷ ናት። ጠዋት ከውጭ በኩል ጓጉንቸር ታንጠለጥልብናለች፣ ለመግሪብ መጥታ ትከፍትልናለች። ሰፈሩ ሁሉ የከረመው እንዲህ ነው። ከውጭ የተቆለፈ በር ያየ ፈታሽ፣ ሰው የለም ብሎ ያልፋል። ውስጥ ያለነው ውሃ አንለቅም፣ ዕቃ አናጋጭም፣ ሳል ሲመጣብን ትራስ ውስጥ እንስላለን። ሰው ቁጭ ብሎ ይህን ያህል ይደክመዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አንቺ ደግሞ ታመምሽ። መጀመሪያ ምግቡን ተውሽ፣ ቀጥሎ ውሃውን። ሰው ራሱን ሐኪም ቤት መውሰድ በማይችልበት ጊዜ ድመት ማን ይወስዳል። ሐጃ ዘምዘም አመጣችልሽ፤ በጣቴ እያጠቀስኩ አፍሽ ውስጥ አንጠባጠብኩልሽ። ያን ቀን ከጠዋት ጀምረሽ ታቃስቺ ነበር፣ ከዙሁር በኋላ ድምፅሽ እየጨመረ መጣ። ወዲያው ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ነካሳ ዳገት ነው፣ ብዙ ሰው ባንድ ላይ ሲወጣ ከሩቅ ይለያል። እንድሪስ ብድግ አደረገሽና በጀለቢያው አንገት በኩል አስገብቶ ደረቱ ላይ አቀፈሽ። ሰዎቹ በራችን ላይ ቆሙ። ጓጉንቸሩን ነቀነቁት። እኔ የማውቀው ዱዓ ሁሉ ጠፋኝ። ከዚያ ሄዱ። እንድሪስ ሲያወጣሽ ሞተሻል።

መግሪብ ገና ነበር። እኛ አገር ሰው ሲሞትበት ይጮኻል፣ ጎረቤት ይሰማል፣ ይመጣል። ባዶ ነው በተባለ ቤት ውስጥ ግን ጮኾ ማልቀስ የለም። ሻሼን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ አለቀስኩ። እንድሪስ አላለቀሰም፤ አንቺን ጭኑ ላይ አድርጎ እጆቹን ያያል። ሐጃ ከፍታ ስትገባ እንዲያ ሆነን አገኘችን። እሷ ድመትን ቢሳ ነው የምትላት። ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ኸላስ፣ በቃሽ፣ ለቢሳ ደግሞ እንዲህ ይለቀሳል እንዴ አለችኝ። ይህን ብላ ሳትጨርስ የራሷም እንባ መጣ። ያረጀ አንሶላ ሰጠችን። እንድሪስና ልጇ ከቤቱ በላይ ዳገቱን በመሮ ፈልፍለው ቀበሩሽ።

ከዚያ ወዲህ እንሂድ ስለው እንድሪስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፤ መቃብሯን ለማን ጥለን። መዳሜ፣ ሳቅሁ። ስንት ጊዜዬ ከሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

ትናንት ነው የተነፈሰው። አፍኜ የገደልኳት እኔ ነኝ አለኝ። ይህን ይዞ ነው ለካ የሰነበተው። እኔ ደግሞ አጠገቡ ነበርኩ፣ አይቻለሁ። አፍንጫሽን በጀለቢያው አንገት በኩል አውጥቶልሽ ነበር፤ ጢሙን ስትነኪው አይቻለሁ፤ እጁ አፍሽ ላይ አልነበረም። በራስሽ ነው ዝም ያልሽው። ይህንኑ ነገርኩት፣ ወላሂ ብዬ ማልኩለት። ብትጮኽ ኖሮስ እጄ የት ይሄድ ነበር አለኝ።

  እንዲህ ያለ ነገር ራሴን እየጠየቅሁ እዚህ ከምቀመጥ እናቴ ፊት ባዶ እጄን ብቆም ይሻለኛል አለ።

ዛሬ ጠዋት ለእናቱ ደወለላት። እየመጣን ነው፣ የያዝነው ነገር ግን የለም አላት። ስለ ቤቱ ትጠይቀኛለች ብሎ ሲፈራ፣ እሷ የጠየቀችው፣ ምነው ድምፅህ እንዲህ አነሰ፣ አሞሃል ወይ ብቻ ነው። ያኔ ነው እንድሪስ ያለቀሰው።

ነገ ከፈጅር በኋላ ሄደን ለፖሊስ እጃችንን እንሰጣለን። ወንድና ሴት ለየብቻ ነው የሚያስቀምጡት ይላሉ፣ ምን ያህል እንደሚያቆዩንም የሚያውቅ የለም። መፍራቱ ራሱ ደክሞኛል። ሐጃ በዳገቱ ባለፍኩ ቁጥር መቃብሯን አያለሁ ብላናለች፤ ቃሏን አምናለሁ።

እኔ አልረሳሽም። ይህን ሁሉም ሰው ይላል፤ ስለዚህ የማደርገውን ልንገርሽ። አማቴ ደጃፍ ስደርስ፣ ሰላምታው እንዳበቃ፣ መሬት ላይ እቀመጥና ድምፄን አውጥቼ አለቅስልሻለሁ። ጎረቤት ሁሉ እየሮጠ ይመጣል። ማን ሞተባት ይላሉ። ድመቴ ናት እላቸዋለሁ፣ ይሳቁ።